አቤት ያልኩበት ስም

«ተመለስሽ እንዴ?»

የስፌት ቤቱ ዘበኛ አቦይ ሃፍታይ በመጀመሪያው ቀን በር ላይ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ። በዚያ በር አልፌ አላውቅም። ማን ነሽ ሲሉኝ «ኣኽበረት እባላለሁ፣ አዲስ ሠራተኛ ነኝ» አልኩ እንጂ ሌላ የተናገርኩት የለም። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። በደኅናው ዓይናቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና መንገድ ለቀቁልኝ። ካለፍኩ በኋላ ለራሳቸው «ይሁን፣ ይሁን» ሲሉ ሰማኋቸው።

ዓይናቸው ደክሟል፣ ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኛል አልኩ። በዚያ ቀን ክፉ ነገር ማሰብ አልፈለግሁም። ሥራውን ያገኘሁት ራሴ አንብቤ ነበርና። ሓድነት ሰፈር ውስጥ ከቤታችን ብዙ በማይርቀው የቆርቆሮ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አይቼ፣ ቆሜ ፊደል በፊደል አነበብኩት። «ቁልፍ የሚተክሉና ክር የሚያጸዱ ሴቶች እንፈልጋለን። ማንበብ የሚችሉ።» የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ሦስት ጊዜ ደጋገምኳቸው። እኔንም ይጨምራሉ ማለት ነው። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም።

የምማረው በአማርኛ ነው። ባለቤቴ ባዘዘው የጎንደር ሰው ነበር፤ ቤታችን ውስጥ የምናወራው በሱ ቋንቋ ነበር። ልጃችን ሳሊና ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት እሱ ዐረፈ። ቋንቋው ግን ከእኔና ከሳሊና ጋር ቀረ።

ሥራው የሚያስፈልገኝ ለሳሊና ስል ነው። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ጓደኛዋ ዮርዳኖስ በአፋር በኩል ወደ ሳዑዲ የሚያሻግር ሰው አግኝታለች። በሳሊና አልጋ ሥር አንድ ጥቁር ቦርሳ አለ። ቤት ስጠርግ በመጥረጊያው ጫፍ እየነካሁ፣ ከበደ ወይስ ቀለለ እያልኩ እገምት ነበር። አንድ ቀን ሳሊና አየችኝና ፊት ለፊት ነገረችኝ።

«እማዬ፣ ሥራ ይዘሽ ከቆየሽ እኔም ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ። ካልሆነ ግን አትያዢኝ።»

እንግዲህ ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ የሥራ ቀን ሲቀረው በዚያ በር ገባሁ።

አዳራሹ ረጅም ነው። ሠላሳ የስፌት መኪናዎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ሰው የተቀመጠባቸው አምስቱ ብቻ ናቸው። ሃያ አምስቱ ነጭ አቡጀዲ ለብሰዋል። በሩ ሲከፈት ንፋስ ይገባና አቡጀዲው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከሥሩ የሚተነፍስ ያለ ይመስላል። በዳር በኩል አንድ ባዶ ጠረጴዛ አለ። የቁልፍ ተካይዋ ቦታ ነው አሉኝ።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስም ይጠራል። መዝገብ ያዡ ጋሽ ሠረቀብርሃን መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆመው ያነባሉ። አንድ ስም ጠሩ። ዝም። ሁለተኛ ጠሩ። ዝም። ሦስተኛው ላይ «አቤት» የሚል ድምፅ መጣ። እንደገና ዝም፣ ዝም፣ ዝም። የማይመልሱት ከሚመልሱት ይበዛሉ፤ ጋሽ ሠረቀብርሃን ግን ለእያንዳንዱ ስም ሰው ለመመለስ የሚፈጅበትን ያህል ይጠብቃሉ።

ከዚያ «ኣኽበረት» አሉ።

እናቴ በልጅነቴ «የጠራሽን ሰው ሳታዪ፣ ሦስት ጊዜ ሳትጠሪ፣ አቤት እንዳትዪ» ትለኝ ነበር። ግን ስሜ ከመዝገብ ላይ ተነቦ ሰምቼ አላውቅም። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ከደስታዬ ብዛት በአንዴ «አቤት!» አልኩ።

የአምስቱ ሴቶች ራስ አንድ ላይ ዞረ። የጋሽ ሠረቀብርሃን እጅ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብለው በእስክሪብቶ ራይት አደረጉና የቀሩትን ስሞች ጠርተው ጨረሱ።

«አዲሷ ሠራተኛ» አሉ በመጨረሻ። «ስምሽ ማነው?»

«ኣኽበረት። ቅድም ጠርተውኝ አቤት ብያለሁ እኮ።»

«እኔ አንቺን አልጠራሁም።»

ማንም አልሳቀም።

«የጠራሁት ኣኽበረት ሃይለማርያምን ነው። አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የገብረሃንስ።»

መዝገቡን አዩ፣ እኔን አዩ። «በእስክሪብቶ የተጻፈ አይፋቅም። ሥርዝ ድልዝ ያለበትን የስፌት ቤቱ ባለቤት አይቀበሉኝም» አሉ። ትንሽ አሰቡና «በይ በዚሁ ቀጥይ። አንድ ኣኽበረት ይበቃናል» ብለው መዝገቡን ዘጉ።

አጠገቤ ያለችው ሰፊ ሰላማዊ ትባላለች። ቀልደኛ ናት፤ ያን ቀን ግን ቀልዷ እንኳ በሹክሹክታ ነበር። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ምነው አፍሽን ይዘሽ ብትቆሚ? በአራት ዓመት አንድ ቀን ያልመጣችውን ልጅ በአንቺ እግር አመጣሻት።»

«የት ሄዳ ነው?»

«ጦርነቱ ሲጀመር ስፌት ቤቱ ለአጭር ጊዜ የተዘጋ ዕለት፣ ነገ እንገናኝ ብላን በዚያ በር ወጣች። ቤቷ አልደረሰችም። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ያ ጠረጴዛ የሷ ነው።»

«ታዲያ የሌለ ሰው ለምን ይጠራሉ?»

«ባለቤቱ ናቸው። ሠራተኞቹ ሲመለሱ ስማቸው ይጠብቃቸው አሉ። ደግሞ የተመለሰም አለ። ይቺ ሀፊሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠራ ቆይታ አንድ ጧት በሩ ላይ ሆና አቤት አለች።» ወደ ፊተኛው ወንበር በአገጯ ጠቆመችኝ። «አሁን ግን መዝገቡ ሞልቷል። በወሩ የመጨረሻ ቀን አቤት ያለ ብቻ ወደ አዲሱ ይዛወራል። የቀረው ስሙም ይቀራል።»

የሥራ ልብስ ከቁም ሳጥን አውጥተው ሰጡኝ። ሰማያዊ ጋዋን ነው። አንገትጌው ላይ በአረንጓዴ ክር «ኣኽበረት» ተብሎ ተጠልፏል። እኔ ቀኝ እጄ በልጅነቴ ተሰብሮ ከግራው በሁለት ጣት ያጥራል፤ የማንም ልብስ ልክ ሆኖልኝ አያውቅም። ያ ጋዋን ግን ቀኝ እጅጌው ሁለት ጣት ያህል ታጥፎ ተሰፍቷል። ለብሼው ቆምኩ። የትም አልያዘኝም፣ የትም አልሰፋኝም።

«የሷም እጅ አጭር ነበር?» አልኳት ሰላማዊን።

«ኧረ አልነበረም» አለች። ከዚያ እጅጌውን ይዛ አገላብጣ አየችው። «ይሄን ማን እንዳጠፈው እንጃ።»

በሁለተኛው ቀን አቤት አልኩ። በሦስተኛውም አልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? አቤት ካላልኩ ራይት የለም፤ ራይት ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ሳሊና አትኖርም።

ሥራው አልከበደኝም። እንዲያውም የሚያስፈራው አለመክበዱ ነበር። ቁልፍ ተክዬ አላውቅም፤ ጣቶቼ ግን ያውቁ ነበር። ክሩን ሦስቴ ጠምጥሜ፣ ከሥር አሳልፌ፣ በጥርሴ ሳይሆን በጥፍሬ እበጥሰዋለሁ። ሰላማዊ አንዱን ሸሚዝ አንሥታ ቁልፉን ወደ ብርሃን አስጠግታ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ማን አሳየሽ?»

«ማንም።»

«በጥፍር የምትበጥሰው እሷ ብቻ ነበረች» አለችና ሸሚዙን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ መለሰችልኝ።

በአራተኛው ቀን በምሳ ሰዓት አቦይ ሃፍታይ በጨርቅ የተጠቀለለ ሕምባሻ ሰጡኝ። ገና ትኩስ ነው።

«እናትሽ አምጥታልሽ ነው» አሉኝ።

«አቦይ፣ እናቴ ከሞተች ሃያ ዓመት ሆናት።»

«አደይ ብርኽቲ? ዛሬ ጧት እዚህ ነበረች እኮ።» ሳቅ አሉ። «አራት ዓመት ሙሉ ስም ተጠርቶ ሲያልቅ ትመጣና ዛሬስ ትለኛለች። ቀሪ እላታለሁ። ትሄዳለች። ሰኞ ዕለት ግን መጣች አልኳት።»

ሕምባሻውን መመለስ ነበረብኝ። ግን ርቦኝ ነበር፤ ሽታው ደግሞ እንግዳ አልሆነብኝም። በላሁት።

በስድስተኛው ቀን የጨረስኩትን ሸሚዝ ቁጥር ላስመዘግብ ወደ ጋሽ ሠረቀብርሃን ጠረጴዛ ሄድኩ። ወጣ ብለዋል። መዝገቡ ተከፍቶ ተቀምጧል። ማንበብ ለሚችል ሰው ተከፍቶ የተቀመጠ መጽሐፍ አያስችልም፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ፊደል በፊደል ቆጠርኩት። በስድስት ስሞች ፊት ራይት አለ። ስድስተኛው ኣኽበረት ሃይለማርያም ይላል። በሃያ አምስቱ ስሞች ፊት፣ በየቀኑ፣ በየሣጥኑ፣ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል። ቀሪ። ቀሪ። ቀሪ። ቀሪ።

ቃሉን አውቀዋለሁ። በሒሳብ ትምህርት ተምረነዋል። አሥራ ሁለት ሲቀነስ አምስት፣ ቀሪ ሰባት። ሌላው ሁሉ ተነሥቶ ካለቀ በኋላ እዚያው የሚገኘው ነው። ራይት ደግሞ፣ መምህራችን ደብተራችን ላይ ሲያደርግልን፣ ይሄ አለቀ ማለቱ ነው።

እንግዲህ ያለቅነው እኛ ስድስታችን ነን። ሃያ አምስቱ እዚሁ አሉ።

ቀና ብዬ አቡጀዲ የለበሱትን መኪናዎች አየሁ። ቆጠርኳቸው። ሃያ አምስት ናቸው። በሩ ተዘግቷል፣ ንፋስ አልነበረም። አቡጀዲው ግን ከፍ፣ ዝቅ ይል ነበር። ሸሚዞቹን እዚያው ጥዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ፤ ጀርባዬን ግን ለማንም መስጠት አልቻልኩም።

በአሥራ አንድ ሰዓት ክፍል ገባሁ። መምህራችን እስክንድር ከደብረ ብርሃን መጥቶ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን በነፃ ያስተምረናል።

«መምህር፣ ቀሪ ማለት ምንድነው?»

«ከመቀነስ በኋላ የሚተርፈው። ተምረነው የለ?»

«በሰው ስም ፊት ሲጻፍስ?»

ሳቀ። «ያልመጣ ማለት ነው።»

«ያው ቃል?»

«ያው ቃል።»

«እንግዲያው እዚያ ያለው ነው ወይስ የሌለው?»

«አይ፣ ከመምጣት ቀረ ማለት…» ጠመኔውን በጣቶቹ መሐል አዟዟረው። «የሄደበት ቀረ እንላለን። እኛ ጋ ቀረም እንላለን። ለካ አስቤው አላውቅም ወይዘሮ ኣኽበረት።»

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ያልመጡ ሰዎች ናቸው፤ በቃ። ግን እፎይታው አልመጣም። ከዚያ ሙሉ ስማችንን በንጹሕ ጽሕፈት አምስት ጊዜ እንድንጽፍ አዘዘንና እየዞረ ያይ ጀመር። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አባትሽ ገብረሃንስ አልነበሩም?»

ደብተሬን አየሁ። አምስት ጊዜ፣ ከወትሮው በተሻለ ጽሕፈት፣ «ኣኽበረት ሃይለማርያም» ተጽፏል። አምስቱም የእጄ ጽሑፍ ናቸው። ሲጻፉ ግን አላየሁም።

ሰኞ፣ በሰባተኛው ቀን፣ አደይ ብርኽቲ ራሳቸው በር ላይ ጠበቁኝ። ቀጭን ሴት ናቸው፤ ነጠላቸው ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል። ክንዴን ያዙና ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞሩት።

«አንቺ ልጄ አይደለሽም» አሉ።

«አይደለሁም፣ አደይ።»

«አውቃለሁ። ዓይኔ እንደ ሃፍታይ አልጠፋም። ከመጀመሪያው ቀንም አውቄአለሁ።»

«ታዲያ ሕምባሻው?»

«ለአቤትሽ ነው።» ክንዴን አልለቀቁም። «ሦስት ቀን ቀርቷል። ረቡዕ መዝገቡ ይዘጋል። እስከዚያ አቤት በዪልኝ። ስሟ አዲሱ ላይ ይግባ እንጂ ከዚያ በኋላ እንደ ወደድሽ።»

«ስሟ ቢገባ ምን ይሆንልዎታል?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ስሟ ካለ፣ ቀረች ነው የሚሉኝ። የቀረ ሰው ይመጣል። ስሟ ከሌለ ግን ሃፍታይን ምን ብዬ ልጠይቀው?»

እናት ነኝ። እሺ አልኳቸው።

በስምንተኛው ቀን ምሳችንን እንደ ልማዳችን በዘበኛው ቤት ጥላ ሥር በላን። ሴቶቹ ሲስቁ አስታውሳለሁ። ሀፊሳ አንድ ነገር ጠይቃኝ ነበር፤ እኔም መልሼላት አብሬ ስቄአለሁ። ሥራ ጨርሼ ቤት ስደርስ ሳሊና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ጥቁሩ ቦርሳ ከአልጋው ሥር ወጥቶ ጉልበቷ አጠገብ ተቀምጧል።

«ዛሬ ስፌት ቤቱ መጥቼ ነበር» አለች። «የቤት ቁልፍ ረስቼ፤ ኋላ በመስኮት ዘልዬ ነው የገባሁት።»

«ምነው አላስጠራሽኝም?»

«አስጠራሁሽ። የኣኽበረት ልጅ ነኝ አልኩ። ሽማግሌው ኣኽበረት ልጅ የላትም አሉኝ። አላት፣ እኔ ነኝ ብል፣ አሁን በምሳ ሰዓት በጆሮዬ ነው የሰማኋት፣ ራሷ ናት የለኝም ያለችው አሉ።»

«ማን? እኔ?»

«ከበር ሆኜ እማዬ ብዬ ጠራሁሽ። ግቢውን እያቋረጥሽ ነበር። ሦስቴ ነው የጠራሁሽ። ዞር አላልሽም።»

ወደ ምሳ ሰዓቱ በሐሳቤ ተመለስኩ። ጥላው አለ። ሳቁ አለ። የሀፊሳ አፍ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። የመለስኩትን ግን ፈልጌ አጣሁት፤ በቦታው ምንም አልነበረም።

«ሳሊናዬ፣ እኔ እንዲህ አልልም።»

«ዮርዳኖስ ቅዳሜ ትሄዳለች» አለች። «ልጅ ለሌላት ሴት ብዬ አልቀርም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ቦርሳውን አየሁት። በዚህ ጊዜ በመጥረጊያ መገመት አላስፈለገኝም፤ ሞልቷል።

በዘጠነኛው ቀን ማልጄ ሄድኩ። ሰላማዊን በር ላይ ያዝኳት።

«ትናንት ሀፊሳ ምን ጠየቀችኝ?»

«ልጅ አለሽ ወይ አለችሽ።»

«እኔስ?»

ሰላማዊ ወዲያ ወዲህ አየች። «‹ልጅ? እኔ? መጀመሪያ ባል ፈልጉልኛ!› አልሽ። እኛም ሳቅን።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቆይተን ነው የደነገጥነው። አባባሏ ነበር፤ ሳቁም የሷ ነበር። ልንገርሽ ብዬ ፈራሁ።»

አደይ ብርኽቲ ከአቦይ ሃፍታይ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ስም ከመጠራቱ በፊት መጥተዋል። ፊታቸው ተንበረከክሁ።

«አደይ፣ አልችልም። ልጅ አለችኝ። አቤት ባልኩ ቁጥር ከሷ እየራቅሁ ነው። ትናንት ጠርታኝ አልሰማኋትም።»

አልተቆጡም፣ አልለመኑኝም። «ስንት ቀን አልሽልኝ?» አሉ።

«ስምንት።»

«ስምንት ቀን ልጄ ተገኝታ ነበር» አሉና ጉንጬን ዳሰሱኝ። «ሂጂ ጓለይ፣ ሂጂ ልጄ። ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ ስምንት» አልኩ። ሳልሳሳት ስለመለስኩ እንባዬ መጣ።

ስም ሲጠራ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ነበር። ጋሽ ሠረቀብርሃንን ነግሬ በሥርዓት ልሰናበት ብዬ ነው የገባሁት፤ እሳቸው ግን ቀድመው ማንበብ ጀምረዋል። ስም። ዝም። ስም። ዝም። «አቤት» የሰላማዊ። ስም። ዝም።

«ኣኽበረት።»

«አቤት» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ውስጥ ተነሣ። እኔ አላነሣሁትም፤ ራሱ እንደ ስቅታ ይወጣ ጀመር። በእጄ አፌን ያዝኩ።

«ኣኽበረት» አሉ ሁለተኛ፣ እያዩኝ።

ጥርሴን ነከስኩ። ሳሊና፣ ሳሊና፣ ሳሊና እያልኩ በሆዴ ቆጠርኩ። አቡጀዲዎቹ ሁሉ ወደ ላይ ተነፍተው እዚያው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው ይመስሉ ነበር።

«ኣኽበረት!»

«አቤት!»

ድምፁ ከኋላዬ ነበር። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ሳቅ ያለበት። ሀፊሳ ከወንበሯ ተነሣች። ሁላችንም ዞርን።

በሩ ላይ አደይ ብርኽቲ ቆመዋል። ሌላ ሰው አልነበረም። አቡጀዲዎቹ ቀስ ብለው ወረዱ።

ጋሽ ሠረቀብርሃን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ራይት አደረጉ።

አደይ ብርኽቲ በሁለቱ ረድፎች መሐል እየተራመዱ ወደ እኔ መጡ። ጋዋኑን አውልቄ ሰጠኋቸው። ለበሱት። እኔ ላይ ታጥፎ የነበረው እጅጌ እሳቸው ላይ እስከ አንጓቸው ደርሶ ልክ ሆነ። ከዚያ በዳር ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ክር በመርፌ አሾለኩ። ሦስቴ ጠመጠሙ፣ ከሥር አሳለፉ፣ በጥፍራቸው በጠሱ።

«ሓፍተይ፣ ውጪ» አለችኝ ሰላማዊ፣ ሳታየኝ። «አሁን ውጪ።»

በሩ ላይ አቦይ ሃፍታይ በደኅናው ዓይናቸው ፈለጉኝ።

«ማን ልበል?» አሉ።

«ኣኽበረት ገብረሃንስ» አልኩ። «የሳሊና እናት። ወጣች ይበሉ።»

እስከ ቤት ድረስ ሮጥኩ ማለት እችላለሁ። ሳሊና ጫማዋን እያሰረች ነበር። ከዮርዳኖስ ጋር ሆና ከአሻጋሪው ሰውዬ ጋር ልትነጋገር ነው። ገና አራት ሰዓት እንኳ ሳይሆን ስታየኝ እጇ ላይ ያለው ማሰሪያ ቆመ።

«ምነው? አባረሩሽ?»

«ተውኩት።»

«በዘጠኝ ቀን?»

«በዘጠኝ ቀን።»

«እማዬ፣ ሥራ ይዘሽ ከቆየሽ ነበር እኮ ያልኩሽ። አሁን በምን ልትይዢኝ ነው?»

መንገዱን ሁሉ ስሜን ከነአባቴ ስደጋግም ነበር የመጣሁት። «የምይዝሽ በምንም አይደለም» አልኳት። «ስትጠሪኝ እንድሰማሽ ብዬ ነው የመጣሁት። እዚያ ከቆየሁ ደግሜ አልሰማሽም።»

አተኩራ አየችኝ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ግድግዳውን እያየች፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጎረቤት እንኳ በማይሰማው ድምፅ ጠራችኝ።

«እማዬ።»

«አቤት» አልኩ፣ በአንዴ። ሦስተኛውን ጥሪ አልጠበቅሁም።

ጫማዋን ፈታች። ቦርሳው እስከ ዓርብ ድረስ ሙሉውን እዚያው ቆመ፤ እኔም አልነካሁትም። ዓርብ ማታ ሹራቧን ፈልጋ ከውስጡ አወጣችና ለበሰችው።

ሰላማዊን ሰንብቼ ገበያ አገኘኋት። ስም አሁንም ይጠራል አለችኝ። አዲሱ መዝገብ ላይ ስድስት ስሞች ብቻ ተጽፈዋል፤ ስድስተኛው ኣኽበረት ሃይለማርያም ነው። ጧት ጧት አቤት የሚለው ድምፅ አንድም ቀን አርጅቶ አያውቅም። በር ላይ ቆሞ ዛሬስ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን የለም።

እኔ ከስፌት ቤቱ ወጣሁ። አደይ ብርኽቲ እዚያው ቀሩ። ዮርዳኖስ ቅዳሜ ሄደች። ሳሊና ቀረች።